ግራና ቀኝ፤ ከአክሱም ድንጋይ እስከ ዲላ ኮምፒዩተር

ጽሑፍ ስናነብ ዓይናችን ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ቆም ብለን አንጠይቅም። ሀሁ ብለን ከቆጠርንበት ቀን ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ እንደ መተንፈስ ሆኖብናል። ይሁን እንጂ የጽሑፍ አቅጣጫ ሰዎች የተስማሙበት ልማድ ነው፤ ልማዱም በአገራችን ታሪክ ተለውጦ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ ያ ልማድ በየኮምፒዩተሩና በየእጅ ስልኩ ውስጥ ዓይን በማያያቸው ምልክቶች ይጠበቃል። ምልክቶቹ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላሉ። ነገር ግን የዕቃ ዋጋን፣ የስልክ ቁጥርን፣ የውል ቀንን ሳይቀር ሊያዛቡ የሚችሉ ናቸውና ታሪካቸውን ማወቁ ለማንኛችንም አይከፋም።

ነገሩን ከዲላ እንጀምር። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋን በእግሩ የሚዞር ሰው ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ያጋጥመዋል። አማርኛው በፊደላችን፣ የጌዴኦው ቋንቋ ጌዴኡፋ በላቲን፣ በመስጊዱና በሃይማኖት መጻሕፍቱ ላይ ያለው ደግሞ በዐረብኛ የተጻፈ ነው። ጌዴኡፋ ራሱ ሁለት ጽሕፈት ያየ ቋንቋ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከተመረጡት 15 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አንዱ ነበረና የጌዴኦ ገበሬ በገዛ አፉ ማንበብ የጀመረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ቋንቋው የትምህርት ቤት ቋንቋ ሲሆን ወደ ላቲን ተዛወረ። ፊደል ሲለወጥ የሆሄው መልክ፣ የመጽሐፉ ዓይነት፣ የአስተማሪው ሥልጠና ሁሉ ተለወጠ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ አቅጣጫው። ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉና። ከሦስቱ መካከል ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ዐረብኛው ብቻ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ዐረብኛው ከሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሲገናኝ ነው።

ጌዴኦ ጥንታዊ ድንጋይ የበዛበት ምድር ነው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች የብዙ ጎብኚ መዳረሻ ሆነዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እነዚያ ድንጋዮች የሰው መልክና ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል እንጂ የሚነበብ መስመር የለባቸውም፤ ስለዚህ የግራና የቀኝ ጥያቄ አያነሡም። ጥያቄውን የሚያነሡት ፊደል የተቀረጸባቸው የሰሜኑ ድንጋዮች ናቸው።

የግዕዝ ፊደል ሥር የደቡብ ዐረብ ጽሕፈት መሆኑ የታወቀ ነው። ያ ጽሕፈት በመደበኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። በጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ላይ ደግሞ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይገኛል። ምሁራን ይህን አጻጻፍ የሚጠሩበት የግሪክ ቃል ትርጉም የሚያርስ በሬ አመላለስ ማለት ነው። የእኛም ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ጥማዱ ከማሳው ጫፍ ሲደርስ ዞሮ በመጣበት ይመለሳል እንጂ ተሸክመው ወደ መነሻው አይወስዱትም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዒዛና በአክሱም ያቆመው ታዋቂ ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ምስክር ነው። አንዱ የንጉሥ መልእክት በሦስት መልክ ተቀርጿል። አንደኛው በግሪክኛ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሁለተኛው በግዕዝ ቋንቋ ሆኖ በደቡብ ዐረብ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ሦስተኛው በግዕዝ ቋንቋና አናባቢ ባልተጨመረበት የግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ፊደላችን ፊቱን ያዞረው በግሪክኛ ተጽዕኖ ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ድንጋይ ጠራቢው በአንድ ሥራ ላይ ሁለት አቅጣጫ ማስተናገድ ነበረበት፤ አስተናገደም። አንባቢውም ፊደሉን እንዳየ አቅጣጫውን ያውቅ ነበር። የተሰወረ ነገር አልነበረም።

ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ አማርኛም አለን። በወሎ የእስልምና ሊቃውንት መንዙማቸውንና ትምህርታቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ትተውልናል። ይህ አጻጻፍ ዐጀም ወይም ዐጀሚ ይባላል። ከእነዚህ ሊቃውንት መካከል እ.ኤ.አ. በ1936 ያረፉት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በሰፊው ይታወቃሉ። ዐረብኛ የሌለውን እንደ «ጨ» እና «ኘ» ያለ ድምፅ ለመጻፍ ሆሄው ላይ ነጥብና ምልክት እየጨመሩ ፊደሉን ለአማርኛ አመቻችተውታል። በሐረርም የሐረሪ ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ኖሯል። እንግዲህ «አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል» ስንል ስለ ፊደሉ እንጂ ስለ ቋንቋው እየተናገርን አይደለም።

ብዕር የያዘ እጅ ወደ ፈለገበት ይዞራል። መኪና ግን አይዞርም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ መጻፊያ መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የነበረው ጭንቀት ይህን ሁሉ ሆሄ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር። አቅጣጫው አላስቸገረም፤ ምክንያቱም የአውሮፓው መኪናም ወደዚያው ይሄዳልና። ዐረቦቹ ግን ወረቀቱን በተቃራኒው የሚገፋ ሌላ መኪና አሠሩ። አንድ መኪና አንድ አቅጣጫ ነበረው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማገናኘት የፈለገ ሰው ወይ ወረቀቱን ከመኪና መኪና ያዛውራል፣ ወይ አንዱን ቋንቋ በእጁ ይጽፋል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ የመጀመሪያው መፍትሔ አሳፋሪ ነበር። በርካታ መሣሪያዎች ዐረብኛውንና ዕብራይስጡን በእስክሪኑ ላይ በሚታይበት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከኋላ ወደ ፊት፣ ያስቀምጡት ነበር። በእኛ ቢሆን «ቡሌ» የሚለውን የጌዴኦ ወረዳ ስም «ሌቡ» ብሎ መዝግቦ፣ አንባቢው ከቀኝ ጀምሮ እንዲያነብ እንደ መተው ያለ ነው። በዓይን ሲታይ ልክ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ስም መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደር፣ መስመር ማሳጠር ሁሉ ጣጣ ሆነ። ስለዚህ ሌላ መርሕ ተያዘ፤ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን በተነበበበት ቅደም ተከተል ይመዝግብ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ለዓይን በሚያቀርብበት ጊዜ ይሁን ተባለ።

ይህን መርሕ ለዓለም ሁሉ ፊደል ያዋለው ዩኒኮድ ነው። የመጀመሪያው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። አሠራሩ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር መስጠት ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ገባ፤ ከ4608 ጀምሮ እስከ 4991 ያለው ስፍራ ተሰጠው። ለዚህ ከደከሙት መካከል ፍስሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ይትና ፍርድይወቅና ከዩኒኮድ መሥራቾች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጆሴፍ ቤከር ይገኛሉ። ከዚያ በፊት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀምጠው ያሠሩን ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛችን የተዘበራረቀ የፈረንጅ ሆሄ ሆኖ ይታይ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ልብ በሉ፤ ዩኒኮድ ለሆሄ የሰጠው ቁጥር ብቻ አይደለም። ጠባይም ሰጥቶታል፤ ከጠባዩም አንዱ አቅጣጫ ነው። በዚህ ረገድ ሆሄያትና ምልክቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጽኑዎች ናቸው፤ «ሀ» ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ የዐረብኛው አሊፍ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሁለተኛዎቹ ልሎች ናቸው፤ 1፣ 2፣ 3 የምንላቸው አኃዞች እዚህ ይመደባሉ። አኃዞቹ እርስ በርሳቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፤ በመስመሩ ውስጥ የሚቆሙበት ስፍራ ግን በጎረቤታቸው ይወሰናል። ሦስተኛዎቹ ገለልተኞች ናቸው። ባዶ ቦታ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም፤ በአካባቢያቸው ካለው ጋር ይሄዳሉ።

ጎረቤት ሁልጊዜ ልክ አይሆንምና ጸሐፊው ራሱ የሚያዝበት መሣሪያ አስፈለገ። ስውር ምልክቶቹ የመጡት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዕትም 7 ነበሩ። ከእነዚህ ሁለቱ እንደ ጽኑ ሆሄ የሚቆጠሩ፣ ግን መልክ የሌላቸው ናቸው፤ 8206 የግራ ወደ ቀኝ ምልክት፣ 8207 የቀኝ ወደ ግራ ምልክት ይባላሉ። የቀሩት አምስቱ ከ8234 እስከ 8238 ያሉት ናቸው። ሁለቱ «ከዚህ ጀምሮ ያለው ቃል በዚህ አቅጣጫ ይታቀፍ» ይላሉ፤ ሁለቱ ደግሞ «የሆሄውን ተፈጥሮ እርሳ፣ በግድ በዚህ አቅጣጫ ደርድር» ብለው ያዛሉ፤ አንዱ የተከፈተውን ይዘጋል። የከፈተ ካልዘጋ ትእዛዙ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ድረስ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሌሎች 5 ተጨመሩ። አንዱ ለዐረብኛ ብቻ የተለየ ሲሆን አራቱ አንድን ቃል ከጎረቤቱ ነጥለው እንደ አጥር የሚከልሉ ናቸው። ባጠቃላይ 12 ሆኑ።

እነዚህ ምልክቶች መንፈስ አይደሉም። «ሀ» ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አመዘጋገብ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ በሦስት ባይት ይቀመጣል። የቀኝ ወደ ግራ ምልክቱም 226፣ 128፣ 143 ተብሎ በሦስት ባይት ይቀመጣል። ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው ቀለም አለው፣ ሌላኛው የለውም። በግድ የሚያዞረው 8238 «ሰላም» ከሚለው ቃል ፊት ቢገባ በእስክሪኑ ላይ የምናየው «ምላሰ» ነው። ሰላማችን ምላስ ለመሆን አንድ ሆሄ ይጎድለዋል ማለት ነው። በመዝገቡ ውስጥ ግን ቃሉ አሁንም «ሰላም» ነው።

የነገሩን ክብደት የተረዳሁት ዲላ ውስጥ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ነው። አንድ አዛውንት የሃይማኖት መጻሕፍት ዋጋ ዝርዝር ሊያስጽፉ መጥተው ነበር። አርእስቱ በዐረብኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ነው። ወጣቱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስም ጻፈ፤ 120 አለ፤ የሁለተኛውን ስም ጻፈ፤ 95 አለ፤ «ብር» ብሎ ዘጋ። የጻፈው በትክክል ነው። እስክሪኑ ላይ ግን ከግራ ሲነበብ 95፣ ከዚያ የሁለተኛው መጽሐፍ ስም፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ የመጀመሪያው መጽሐፍ ስም ተደርድሮ ታየ። «የኔ ልጅ፣ ይሄኛው እኮ ዘጠና አምስት ነው፤ ምነው መቶ ሃያ አልከው?» አሉ አዛውንቱ። «አባባ፣ እኔ እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት፤ እሱ ነው የሚያገላብጠው» አለ ልጁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ኮምፒዩተሩም ቢሆን ሕጉን ጠብቋል። ሁለቱ የዐረብኛ ስሞችና በመካከላቸው ያሉት አኃዞች እንደ አንድ የዐረብኛ ሐረግ ተቆጥረው ከቀኝ ወደ ግራ ተደረደሩ። አኃዝ ልል ነው ብለናልና ያለፈውን ጎረቤቱን ተከተለ። የአማርኛ አንባቢ ግን ከግራ እየጀመረ ስለሚያነብ ሁለተኛው መጽሐፍ 120 ብር የሚያወጣ ይመስለዋል። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ 8206 የተባለው ስውር ምልክት ቢገባ ኖሮ ነገሩ በተስተካከለ ነበር። አኃዙ ከፊቱ ጽኑ የሆነ የግራ ወደ ቀኝ ጎረቤት ያገኝ ነበርና።

ሌላም መፍትሔ አለ፤ እርሱም ከአባቶቻችን እጅ የቆየን ነው። ዩኒኮድ የፊደላችንን ሥርዓተ ነጥብ ከሆሄያችን ጋር ጽኑ አድርጎ መዝግቦታል። ሁለት ነጥብ በ4961፣ አራት ነጥብ በ4962፣ ነጠላ ሠረዝ በ4963 ላይ ይገኛሉ፤ ሦስቱም እንደ «ሀ» የግራ ወደ ቀኝ አቅጣጫ አላቸው። የግዕዝ አኃዞችም ከ፩ እስከ ፼ እንዲሁ ጽኑዎች ናቸው። የፈረንጁ ባለ ሁለት ነጥብ ምልክትና የፈረንጁ ኮማ ግን ጽኑ አይደሉም። ከዐረብኛው ስም በኋላ የእኛን ሁለት ነጥብ፣ ከዋጋው በኋላ የእኛን ነጠላ ሠረዝ የጻፈ ሰው ዝርዝሩ ያለ ምንም ስውር ምልክት በቦታው ይቆምለታል። የእኛው ሁለት ነጥብና የፈረንጁ በገጽ ላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ብዙ ጸሐፊም አንዱን በሌላው ይተካል። ነገር ግን አንዱ አቅጣጫ ያለው፣ ሌላው የሌለው ነው። ሁለት ነጥብን መጻፍ የትናንት ናፍቆት ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል።

ሙሉው ገጽ የዐረብኛ ሲሆን ግን የእኛ ነጥብ ብቻውን አያድንም። ከዐረብኛ ቃል ቀጥሎ በጭረት የተጻፈ 12-3-2016 የሚል ቀን ተገልብጦ 2016-3-12 ሆኖ ይታያል፤ በእዝባር ቢጻፍ ግን አይገለበጥም። «ከ5-10» የተባለ ኪሎ «10-5» ይመስላል። በክፍተት ተከፋፍሎ የተጻፈ የስልክ ቁጥርም የመጨረሻው ክፍል መጀመሪያ ይመጣል። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለሥራ የሚሄድ ሰው ውሉን፣ ቡና ላኪው የጭነት ወረቀቱን በሁለት ቋንቋ ሲያዘጋጅ ይህ ቀልድ አይደለም። እዚህ ላይ ስውር ምልክት የግድ ነው።

የሚያስተካክል መሣሪያ ሁሉ ማጣመሚያም ይሆናል። 8238ን በፋይል ስም መካከል አስገብተው፣ በተፈጥሮው ፕሮግራም የሆነውን ፋይል መጨረሻው ተገልብጦ ተራ የጽሑፍ ሰነድ እንዲመስል ያደረጉ አጭበርባሪዎች ብዙ ሰው አሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒኮላስ ባውቸርና ሮስ አንደርሰን ከዚህ የባሰውን አሳዩ። ስውር ምልክቶቹን በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ በመሰግሰግ መርማሪው የሚያነበውና ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው እንዲለያይ ማድረግ ይቻላል። በእኛ አነጋገር መርማሪው ሰሙን ሲያይ መኪናው ወርቁን ይወስዳል። የቅኔው ሰምና ወርቅ አድማጩን ለማስደሰት የተሸሸገ ነው፤ የዚህኛው ግን ለመዝረፍ ነው። ከዚያ በኋላ በርካታ የፕሮግራም መሥሪያዎች ምልክቶቹን ሲያገኙ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ተደርገዋል።

ክፋት በሌለበትም ጣጣው አይቀርም። ከአንዳንድ ስልክ የስም መዝገብ ላይ ተቀድቶ የተለጠፈ ቁጥር መክፈቻና መዝጊያ ስውር ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለዓይን 10 አኃዝ ነው፤ መኪናው ግን 12 ይቆጥራል፤ «ቁጥሩ ልክ አይደለም» ብሎም ይመልሳል። በስም ፍለጋም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ሰነድ ላይ ያለ አንድ ስም፣ በአንዱ ውስጥ ስውር ምልክት ካለ፣ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ሁለት ሰው ነው። መለያው ቀላል ነው። ጠቋሚውን በቀስት ቁልፍ አንድ አንድ ሆሄ ያስኬዱት፤ ተጭነውት ሳይንቀሳቀስ የቀረበት ቦታ ካለ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ቁጥሩን ከመለጠፍ ይልቅ በእጅ መጻፍም ከዚህ ያድናል።

እንደ ዲላ ባለ ከተማ ሦስት ጽሕፈት ጎን ለጎን ይኖራል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ለዚህ እውቀት ከማንም በላይ ባለቤት መሆን ይገባዋል። በየጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ የሚቀመጡት ወጣቶች የሰውን ውል፣ ማመልከቻና ዋጋ የሚጽፉ የዘመናችን ጸሐፌ ትእዛዞች ናቸው። ፎንት መምረጥና ማተም የሚማሩትን ያህል የእነዚህን 12 ምልክቶች ሥራና የገዛ ሥርዓተ ነጥባችንን ጠባይ ቢማሩ የብዙ ሰው ጭቅጭቅ ይቀንሳል። በወሎ ሊቃውንት እጅ የተጻፈው የዐጀም ቅርስም ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ በፊደላችን ከተጻፈ ማብራሪያ ጋር በአንድ ገጽ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ያለ እነርሱ አይሆንም።

የዒዛና ጠራቢ ሁለቱን አቅጣጫ ሲቀርጽ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ማየት ይችል ነበር። እኛ ውሳኔውን ለማይታይ ምልክት ሰጥተነዋል፤ ይህም ብዙ ፊደሎችን በአንድ ገጽ እንድናኖር አስችሎናል። ዋጋው ግን ያየነውን ብቻ ማመን አለመቻላችን ነው። ስለዚህ ቁጥር፣ ስምና ቀን ባለበት ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት የተጻፈው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚነበብም መጠየቅ ይገባል።